ኩሬው ዓሣ ሞልቶ ሁሉም ጣት ሲያክሉ

ከወረታ አካባቢ አንድ አባወራ እንዲህ ብለው ጠይቀዋል፦ «በ100 ካሬ ሜትር ኩሬ 200 የቀረሶ ጫጩት ጨመርኩ። ዓመት አለፈው። አሁን ኩሬው ዓሣ በዓሣ ሆኗል፤ ግን ሁሉም ጣት ቢያክል ነው። ውኃው ኩልል ያለ ነው፣ ወለሉ ይታያል። ፉርሽካውን ብጨምር ያድጉ ይሆን?»

ጋሼ፣ ፉርሽካው ለጊዜው ይቆይ። አሁን ቢጨምሩ ትርፉ ሌላ ጫጩት ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይዩልኝ። ማለዳ መረብ ጥለው ጥቂት ያውጡና አፋቸውን ከፈት ያድርጉ። ፈጠን ይበሉ፣ ዓሦቹ ሲደነግጡ በአፋቸው የያዙትን ይተፉታል። ጣት በምታክለዋ አፍ ውስጥ ቢጫ እንቁላል ካገኙ ነገሩ ተገለጸ። ያቺ ጫጩት አይደለችም፣ እናት ናት።

ቀረሶ ሐይቅ ውስጥ አድጎ ነው የሚራባው። ጠባብ ኩሬ ውስጥ ግን በሦስት በአራት ወሩ፣ ገና 30 እና 40 ግራም ሳለ ይጀምራል። እናቲቱ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛ ሁለት ሳምንት ያህል ሳትበላ ትቆያለች። ሙቀቱ ከተመቻት በወር በወር ተኩሉ ትደግማለች። ታዲያ ሰውነቷ መቼ ይደግ? ለ200 ይበቃ የነበረው ምግብና አየርም ለሺዎች ተከፋፈለ።

በቁጥሩ አልተሳሳቱም። በካሬ ሜትር ሁለት ደህና ነው። የቀረው ወንዱን ከሴቷ መለየት ነበር።

ስለዚህ በበጋ ኩሬውን ያንጠፍፉ። ጭቃው እስኪሰነጣጠቅ ይድረቅ። ይህን አደራ እላለሁ። እንስራ የምታህል ጉድጓድ ውኃ ይዛ ከቀረች እዚያ የተደበቀው ጫጩት ሁሉን እንደገና ይጀምረዋል። እኔም ሥራውን ስጀምር ይህን ንቄ ዓመት ሙሉ ድካሜ ባክኗል።

ከሚያወጡት ዓሣ ውስጥ ወፈር ያሉትን ገልብጠው ከሆዳቸው በታች ይዩ። ወንዱ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ ሴቷ ሦስት። የሴቷ ትርፍ ቀዳዳ መሐል ላይ ያለች ቀጭን ስንጥቅ ናት፤ ጥሩ ብርሃን ትፈልጋለች። 200 ወንድ ይለዩና ኩሬው እስኪዘጋጅ ላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ ያቆዩ። የቀጨጨ ቀረሶ ቦታ ሲያገኝ ማደጉን ይቀጥላል፣ አይጣልም። የተረፈው ለመጥበሻ ነው።

ምንም ቢጠነቀቁ ጥቂት ሴት ማምለጧ አይቀርም። ለዚህ 20 የአምባዛ ጫጩት ይጨምሩ። የሚፈለፈለውን እየለቀሙ ይበላሉ። ብቻ ሲገቡ ከቀረሶው ያነሱ ይሁኑ፣ አለዚያ የሚበሉት ቀረሶውን ነው። የአምባዛውን ጫጩት ለማግኘት ባሕር ዳር ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ይጠይቁ።

ኩልል ያለው ውኃም ጥሩ ምልክት አይደለም። የቀረሶ ዋና ምግብ ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ደቃቅ ዋቅላሚ ነው። የከብት ፍግ በጆንያ አስረው ዳር ላይ ይንከሩ። ከዚያ ክንድዎን ቀጥ አድርገው ያስገቡ። መዳፍዎ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ከጠፋ ልኩ ነው። ከዚያ በታች ከታየ ፍግ ይጨምሩ። ገና አንጓዎ ሳይገባ ከጠፋ ፍጉን ያውጡ። ንጋት ላይ ዓሦቹ ከላይ ሆነው አየር ሲምጉ ካዩም አየር አጥሯቸዋል፤ የዚያን ቀን ምግብ አይስጡ፣ ንጹሕ ውኃ ይልቀቁላቸው።

ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል። ውኃው ከ20 ዲግሪ ሲወርድ ቀረሶ ብዙም አይበላም። ያኔ ምግቡን ይቀንሱና ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ ይስጡ።