መሪው ከእጅህ ሳይወጣ ተማር

ይኼ ምክር ከአገር ወጥቶ ውጭ አገር ለሚኖር አዲስ ገቢ ነው። ቆየሁ የምትለውም ብታነበው አይጎዳህም። ሳላለሳልስ ነው የምናገረው። መጥቶ ስራ የያዘ፣ ስራ ይዞ የተኛ ሰው አይቼ አይቼ ሰልችቶኛል። ቴክኖሎጂው ይሮጣል፤ እኛ በመጀመሪያው ሳምንት ያገኘነውን ስራ እንደ ርስት ይዘን ቁጭ እንላለን።

1. ወረቀት። ቀጠሮ እንዳያልፍህ። አድራሻ ስትቀይር አስታውቅ። ለሰነዶችህ ኮፒ ይኑርህ፣ ስልክህ ላይ ብቻ ሳይሆን ሌላ ቦታም። አለቀ።

2. ስልክ። የባንክህም የኢሜይልህም ኮድ የሚመጣው በስልክ ቁጥርህ ነው። ስለዚህ ሲም በየጊዜው አትቀያይር። ኮዱን ለማንም አትስጥ፤ "ከባንክ ነው የምደውለው" ላለህም ጭምር። ዛሬ የሰው ድምፅ ቁርጥ አድርጎ የሚያስመስል ኤአይ (ሰው ሰራሽ አስተውሎት) አለ። የወንድምህ ድምፅ ሌሊት ደውሎ "ቶሎ ገንዘብ ላክ" ካለህ ዝጋውና በምታውቀው ቁጥር መልሰህ ደውል። ቤተሰብህንም በአንድ አፕ ብቻ አትገናኝ። ስካይፕ ስንቱን ሲያገናኝ ኖሮ በ2025 ተዘጋ።

3. ስራ። እዚህ ላይ ረጋ ብለህ አንብብ።

ፓርኪንግ እየሰራ ልጅ ያሳደገ ስንት ሀበሻ አውቃለሁ። ዛሬ ብዙዎቹ ቦታዎች ላይ ሰው የለም። ካሜራው ታርጋ ያነባል፣ አፑ ሂሳብ ይቆርጣል። ካሸርም ያው ነው። ድሮ በየመስመሩ አንድ ሰው ይቆም ነበር፤ አሁን አንዲት ልጅ ቆማ ማሽኖቹን ትጠብቃለች።

የኒውዮርክን ታክሲ ነገር ልንገርህ። የቢጫ ታክሲ ፈቃድ በፈረንጆቹ 1937 ቁጥሩ በሕግ ተገደበ። ስለዚህ ፈቃዱ ራሱ ንብረት ሆኖ ይሸጥ ነበር። በ2014 አካባቢ የአንዱ ዋጋ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። ከየአገሩ የመጣ ስደተኛ ተበድሮ ገዛው። ጡረታዬ ነው ብሎ። ኡበር፣ በስልክ አፕ መኪና የምትጠራበት፣ እኮ ከተማው የገባው በ2011 ነው፤ እያዩት ነው የገባው። በ2018 ከ200 ሺህ ዶላር በታች የተሸጠ ፈቃድ ነበር። ዕዳው ግን አብሮ አልወረደም።

አሁን ተራው የኡበር ሹፌር ነው። ዋይሞ የሚባለው ኩባንያ ሹፌር አልባውን ታክሲ ፊኒክስ ላይ ለሕዝብ የከፈተው በ2020 ነው። በ2024 ሳን ፍራንሲስኮና ሎስ አንጀለስም ለማንም ክፍት ሆነ። ከኋላ ትቀመጣለህ፣ ፊት ማንም የለም፣ መሪው ለብቻው ይዞራል። ይኼን ቲክቶክ ላይ አይተህ ስቀሃል። ለጓደኞችህም ልከሃል። ከዚያ ሄደህ ለኡበር የሚሆን መኪና በብድር ገዛህ!

ነገ ጠዋት ሹፌር ሁሉ ስራ ያጣል አላልኩም። በረዶው፣ የየከተማው ሕግ፣ ወጪው ያዘገየዋል። ግን የመኪናህ ብድር የአምስት የስድስት ዓመት ነው። ደግሞ ዛሬም ቢሆን የራሴ አለቃ ነኝ አትበለኝ። አለቃህ አፑ ነው። ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ ነው፤ አካውንትህን ከዘጋብህ የሚያነጋግርህ ሰው ለማግኘት መከራህን ታያለህ።

"እኔ የተማርኩ ነኝ፣ አይነካኝም" የምትለውም አለህ። ጉግል ትርጉም ላይ አማርኛ የገባው በ2016 ነው። ስህተቱን እየተቀባበልን ሳቅን። ጽሑፍ የሚጽፈውና የሚተረጉመው ኤአይ፣ ቻትጂፒቲ፣ የወጣው በ2022 መጨረሻ ነው። አማርኛውን አሁንም ያበላሻል፣ እንደ ድሮው ግን አያበላሽም። በትርጉም ስራ የምትኖር ከሆንክ ይኼ ልዩነት ሊያሳስብህ ይገባል።

እና ምን ልስራ? በእጅና በጭንቅላት አንድ ላይ የሚሰራ ሙያ ያዝ። ነርስነት፣ ኤሌክትሪክ፣ ቧንቧ፣ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ጥገና። ያረጀ ግድግዳ ከፍቶ የተቃጠለ ሽቦ ፈልጎ የሚቀይር ሮቦት ገና አላየሁም። ከእነዚህ ሙያዎች አንዳንዶቹን ደሞዝ እየተከፈለህ ትማራቸዋለህ። አሜሪካ ከሆንክ፣ ግሪን ካርድ ካለህና ገቢህ አነስተኛ ከሆነ ደግሞ ፔል ግራንት የሚባል የማይመለስ የትምህርት ገንዘብ አለ። አጠገብህ ያለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሄደህ ጠይቅ። ጓደኛህን አትጠይቅ፤ እሱም አልጠየቀም።

ጊዜ የለኝም አትበለኝ። ስልክህ ላይ በቀን ስንት ሰዓት እንዳጠፋህ የሚቆጥር ቦታ አለ። ክፈተውና እየው። ከዚያ ስለ ጊዜ እናወራለን። እኔም "ኦቨርታይሙ ይለቅና እማራለሁ" እያልኩ ነው የሸበትኩት፣ ስለዚህ ሰበቡን ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። እንግሊዝኛዬ ይሻሻል፣ ቤተሰብ ይምጣ፣ ዕዳ ይቅለል። እንግሊዝኛህ የሚሻሻለው እኮ ክፍል ስትገባ ነው! አንቺም እህቴ፣ ልጆቹ ይደጉ እያልሽ የምታቆዪው ነገር ከዚህ አይለይም። በኦንላይን የሚሰጥ የማታ ክፍል አለ። አንድ ኮርስ ብቻ ይዘሽ ጀምሪ።

4. ስለ ልጆችና ታብሌት ልጽፍ ነበር፤ ቦታውን ስራ በላው። ሌላ ጊዜ።

5. ቴሌግራም ላይ "ገንዘብህን በኤአይ በየቀኑ አባዛልሃለሁ" የሚል ሰው ከመጣ ብሎክ አድርገው። ሀበሻ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ብለህ ብሎክ አድርገው።