የጠፋው የደስታ በሽታ ቫይረስ ለምን ይቀመጣል?

ጥያቄ፦ የከብት ደስታ በሽታ ጠፍቷል ከተባለ፣ ቫይረሱ ቢሾፍቱ ውስጥ መቀመጡ አያሰጋም ወይ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. የአገራችንን ከብት ፈጅቶ ለ«ክፉ ቀን» ረሃብ ምክንያት የሆነው ይህ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታውጇል። ቢሾፍቱ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ቫይረሱን እንዲይዙ ከተፈቀደላቸው ጥቂት ተቋማት አንዱ ሲሆን፣ ዓላማውም በሽታው በስህተት ወይም በተንኮል ቢመለስ ክትባት በአስቸኳይ እንዲደርስ ነው፤ ክትባቱ ስለቆመ የዛሬ ከብቶች መከላከያ የላቸውምና። በእኛ አስተያየት ይበልጥ የሚያሰጋው ቁጥጥር በሌለበት ቤተ ሙከራ የተረሳ ናሙና ነው። እንግሊዝ የሚገኘው የእንስሳት ቫይረሶችን የሚያጠናው የፐርብራይት ተቋም ግን የቫይረሱን የዘረመል ቅደም ተከተል (የዘር መረጃውን) መዝግቦ ክምችቱን በ2011 ዓ.ም. አስወግዷል። በጎችና ፍየሎችን የሚያጠቃው ደስታ መሰል በሽታ ግን ዛሬም አለ፤ ትኩሳት፣ የአፍ ቁስልና ተቅማጥ ሲያዩ እንስሳቱን ለይተው ለእንስሳት ሐኪም ያሳውቁ።