መጀመሪያ ጨለማ ውስጥ ሞክሩት

አዳማ ላይ ጎርፍ ካለፈ በኋላ የመንገዱን ዳር አይታችሁ ታውቃላችሁ? አሸዋው ላይ ጥቁር መስመር ይቀራል። ማግኔት በፌስታል ጠቅልላችሁ ብታስጠጉት ጥቁሩ ብናኝ እንደ ጢም ቆሞ ይጣበቃል። አብዛኛው ማግኔታይት ነው፣ ታይታኒየምም ሊኖርበት ይችላል። እኔን ወደ ማዕድን ኬሚስትሪ የሳበኝ ይሄ አሸዋ ነው።

አሁን ብዙ ልጆች ከማዕድን ፎቶካታሊስት፣ ማለትም ብርሃን ሲያርፍበት ውሃ ውስጥ ያለ ቀለምን የሚሰባብር በጣም ደቃቅ (ናኖ) ዱቄት፣ መሥራት እንፈልጋለን እያላችሁ ትመጣላችሁ። ደስ ይለኛል። ኢልሜናይት የሚባለው ጥቁር ማዕድን ብረትና ታይታኒየም አለው። ይፈጫል፣ በትኩስ ሰልፈሪክ አሲድ ይሟሟል፣ ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ ብዙው ብረት አረንጓዴ ክሪስታል ሆኖ ይለያል፣ የቀረው ሲፈላ ደግሞ ነጭ ዝቃጭ ይወርዳል፤ እሱን አጥቦ አድርቆ 450 ዲግሪ አካባቢ ማቃጠል ነው። የሚወጣው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፣ አናቴዝ በሚባለው የክሪስታል ዓይነቱ። ዱቄቱ ቢጫ ቢጫ ካለ ብረት ቀርቶበታል፣ ተመለሱና እጠቡ። እሳቱን ካበዛችሁት ደግሞ ቅንጣቶቹ ተያይዘው ይወፍራሉ፣ አናቴዙም ሩታይል ወደሚባል ሌላ የክሪስታል ዓይነት ይለወጣል። አሲዱን ስታቀጥኑ አሲድ ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም። እባካችሁ።

አናቴዝ እንዲሠራ ከብርሃኑ 3.2 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ይፈልጋል። ስለዚህ የሚጠቅመው አልትራቫዮሌቱ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ከፀሐይ ብርሃን 5 በመቶ ገደማ ነው። የአዳማ ፀሐይ ያቃጥላል ብላችሁ አትዘናጉ።

አንድ ነገር ግን ከእኔ ስህተት ተማሩ። ዱቄቴን ከሸክላ አፈር ጋር ቀላቅዬ ሜቲሊን ብሉ የሚባል ሰማያዊ ቀለም ያለበት ውሃ ውስጥ ጨመርኩና ፀሐይ ላይ አወጣሁት። ሰማያዊው ውሃ ጥርት አለ። ጮቤ ረገጥኩ፣ ለአለቆቼም አሳየሁ። ሳምንት ቆይቶ አንድ ተማሪ «ጋሼ፣ ጨለማ ውስጥስ ሞክረውታል?» አለኝ። ቢከሩን በፎይል ጠቀለልነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጠራ። ዱቄቱን ስናጣራ ራሱ ሰማያዊ ሆኗል! ለካ ቀለሙ አልተሰባበረም፣ ሸክላው ላይ ተለጥፎ ነው የቀረው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ በማግስቱም አለቆቼ ጋ ሄጄ ተሳስቻለሁ አልኩ።

እና መብራት ከማብራታችሁ በፊት ድብልቁን ጨለማ ውስጥ አማስሉት፣ የቀለሙ መጠን መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ። ከዚያ በኋላ የሚቀንሰውን ነው ለብርሃኑ የምትቆጥሩለት። ዱቄት የሌለበት ሌላ ቢከርም አብሮ ብርሃን ላይ ይቀመጥ፣ ሜቲሊን ብሉ ብርሃን ሲመታው በራሱም ይደበዝዛልና።

ሌላው፣ «ጋሼ፣ ፍሎራይድ የበዛበትን የወንጂን ውሃ ያጣራል ወይ?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ልቤን ይነካዋል፣ ጥርሳቸው የበለዘ ልጆች እያየሁ ነው ያረጀሁት። ግን አያጣራም። ፎቶካታሊስት ቀለምን ይሰባብራል፣ ፍሎራይድ ግን የሚሰባበር ነገር አይደለም፣ መያዝ ነው ያለበት። ለሱ አክቲቬትድ አሉሚና (ቀዳዳ የበዛበት የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ወይም የአጥንት ከሰል ነው የሚሆነው። በዚያ መሥራት የሚፈልግ ካለ ይምጣ፣ ቁጭ ብለን ከመጀመሪያው እንጀምራለን።