የጣና አሳ ሳልሞንን ይተካል ወይ?

እህቴ፣ «ሐኪሙ አባቴን አሳ ይብላ ብሎታል። አንቲኦክሲዳንት ያለው ሳልሞን ነው ይላሉ፤ የኛ የጣና አሳስ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። እናቴ ደም ግፊት አለባት። ጥያቄሽ የኛም ቤት ጥያቄ ነበር።

የሳልሞንን ሥጋ የሚያቀላው አስታዛንቲን የሚባል ቀለም ነው። አንቲኦክሲዳንት፣ ማለትም ሴሎቻችንን ከጉዳት የሚከላከል ነገር፣ አለው የሚባለውም በአብዛኛው በሱ ነው። የኛ የጣናው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ሥጋ ግን ነጭ ነው፤ ይሄን ከሱ አትጠብቂ።

ቆሮሶ ሴሊኒየም አለው። ሰውነታችን የራሱን አንቲኦክሲዳንት ኢንዛይሞች ለመሥራት ይሄን ማዕድን ይፈልጋል። 100 ግራም ጥሬ ቆሮሶ 40 ማይክሮግራም ገደማ ይይዛል። ለአዋቂ በቀን የሚመከረው 55 ነው። ቀላል አይደለም! ኦሜጋ 3 ደግሞ ሌላ ነው፤ ለልብ የሚጠቅም ስብ ነው፣ ብዙ ሰው ከአንቲኦክሲዳንት ጋር ያምታታዋል። ከቆሮሶ ይልቅ ስቡ የሚበዛው አምባዛ የሚባለው አሳ ነው። ቅርፊት ስለሌለው አንበላም የሚሉ አሉ። አባትሽም እንዲያ ካሉ አታስገድጃቸው።

እኛን የጎዳን አጠባበሱ ነበር። እናቴ የምትወደው ዱቄት ተነክሮ ዘይት ውስጥ የሰጠመውን ነው፤ ጨውና ሚጥሚጣው በዝቶ። ዘይቱም ስንቴ የፈላ! አሁን አሳውን በቲማቲም፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ፣ ድስቱን ከድነን በራሱ ውሃ እናበስለዋለን። ሲወርድ ሎሚ እንጨምቅበታለን። ከጎኑ ጎመን አይጠፋም። አሳው የጎደለውን አንቲኦክሲዳንት እነዚህ ይሞሉታል። እናቴ መጀመሪያ አኩርፋ ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ «ዛሬ አሳ የለም እንዴ?» አለች። በሳምንት 2 ቀን ትበላለች። መድኃኒቷን ግን አላቋረጠችም፤ አባትሽም እንዳያቋርጡ አደራ።

ስትገዪ በጠዋት ሐይቁ ዳር ውረጂ። ስንጥቡ ቀይ፣ ዓይኑ የጠራ ይሁን። ሥጋውን በጣትሽ ስትጫኚው ይመለስ። አንድ ቀን ከሰዓት በረዶ ያልነካው ፊሌቶ ገዝቼ ቤተሰቡ ሁሉ ሲያስመልሰው አደረ። ፊሌቶ ዓይንም ስንጥብም የለው፣ በምን ይለያል? ከዚያ ወዲህ ሙሉውን መርጬ ፊቴ አሠራዋለሁ። አባትሽ በአዋዜ ጥሬውን የሚወዱ ከሆነ ግን ያንን ከልክያቸው። ጥሬ አሳ ትል ሊኖረው ይችላል፤ በደንብ ይብሰል።