«ወላጅ አምጣ» ከማለታችሁ በፊት

ዘንድሮ ማስተማር ለጀመራችሁ ልጆቼ፣ በተለይ ደሴና ኮምቦልቻ ለተመደባችሁት ነው የምጽፈው። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዕድሜዬ ያለቀው ግን ከተማሪ ጋር ነውና ትንሽ ብለፈልፍ ቻሉኝ።

ክፍላችሁ ውስጥ አንድ «ረባሽ» አይጠፋም። ስሙ ገና ሳትገቡ ይደርሳችኋል፤ ስታፍ ሻይ ስትጠጡ «ያን ልጅ ጠንቀቅ በሉ» ትባላላችሁ። እሺ በሉና መጀመሪያ ጆሮውን እዩለት።

ቀልዴን አይደለም። የደሴ ብርድ የታወቀ ነው፣ ጉንፋን የማይለቀው ልጅ ብዙ ነው፣ ጉንፋኑ ወደ ጆሮ ያልፍና ፈሳሽ ይቋጥራል፣ ልጁ ሰሞኑን ደህና ሲሰማ ይከርምና ደግሞ ይደፈንበታል፣ እናንተ ታዲያ «ሲፈልግ ይሰማል፣ ሳይፈልግ ይደነቁራል» ትላላችሁ። ከኋላው ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ ስሙን ጥሩት። ደጋግሞ ካልዞረ ጤና ጣቢያ ይታይ። ዓይንም ያው ነው። ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ከጎኑ ካለው ደብተር ሊገለብጥ ይንጠራራል፣ ይገፋፋል፣ ይጣላል። ለእናንተ የሚታያችሁ ጠቡ ብቻ ነው። ፊት አስቀምጡትና ሰንብታችሁ እዩት።

ደግሞ አለ፣ ለጥቂት ሰከንድ ፍዝዝ ብሎ ቢጠሩት የማይመልስ፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ጽሑፉን የሚቀጥል። ሐሳብ ይዞት ሄዶ ይሆናል። በቀን ደጋግሞ ከመጣበት ግን የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል፤ መሬት ላይ ሳይጥል የሚመጣ ዓይነት አለ። መድኃኒት አለው፣ ኩርኩም ግን አይደለም። (በነገራችን ላይ ተማሪ መምታት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 የተከለከለ ነው። አርጩሜ ይዞ የሚዞር ባልደረባ ካላችሁ ንገሩልኝ።)

በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ከተሞቻችን ሲገባ ሕፃን የነበሩት ዛሬ እናንተ ፊት ተቀምጠዋል። የቆርቆሮ በር ጓ ሲል ዴስክ ሥር የሚገባ ልጅ አለ። ክፍሉ ይስቅበታል፣ እሱ ደግሞ የሳቀበትን በእረፍት ሰዓት ጠብቆ ያቀምሰዋል። ዱላውን ብቻ ከመዘገባችሁ ግማሹን ነው የጻፋችሁት።

ሁሉም ታማሚ ነው እያልኩ አይደለም። ዝም ብሎ የሚያስቸግርም አለ፣ አብሽሩ።

«ወላጅ አምጣ» የሚሏት ነገር ግን ታናድደኛለች። እዚህ ወሎ የስንቱ ልጅ እናት ጅዳ ወይም ቤሩት ናት! ልጁ አያቱ ዘንድ ነው፣ አያቱ ጉልበታቸውን ይታመማሉ፣ ዳገቱን አይወጡትም። ስለዚህ ወይ ይቀራል፣ ወይ ፒያሳ ወርዶ ለአንዱ ሥራ ፈት ብር ሰጥቶ «አጎቴ ነው» ብሎ ያመጣላችኋል። የኪራይ አጎት ደግሞ መለያው አለው፤ ልጁን ከእናንተ በላይ የሚቆጣው እሱ ነው።

ይልቅ እናቲቱን በኢሞ ደውሉላት። ቁጥሯ ከአያትየው ቤት አይጠፋም። ቀን ሥራ ላይ ናት፣ ማታ ሞክሩ። የመምህር ድምፅ ስትሰማ «ልጄ ምን ሆነ?» ብላ መደንገጧ አይቀርም፣ ስለዚህ ከሰላምታው በፊት ደህና መሆኑን ንገሯት። ከዚያ ጆሮውን ታሞ ያውቅ እንደሆነ፣ ሌሊት ይባንን እንደሆነ፣ እሷ ከሄደች ወዲህ ማን ጋር እንደሚያድር ጠይቋት። የጠቡን ነገር ሌላ ቀን ታወሩታላችሁ።