አራተኛው ቀዳዳ እምቢ ሲል

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ሲ ሃርሞኒካ አለኝ፣ ሆነር ስፔሻል 20። ትዝታ ሜጀር እጫወትበታለሁ። ወደ ማይነር ልዙር ስል ኢ ፍላት የምትባለው ቃና ታስፈልገኛለች። አራተኛው ቀዳዳ ላይ ኦቨርብሎው (በአነፋፈስ ዘዴ ቀዳዳው በተለመደው መንገድ የማይሰጠውን ቃና ማውጣት) ስሞክር ወይ ጭጭ ይላል ወይ ያፏጫል። ስድስተኛው ላይ ግን አልፎ አልፎ ይወጣልኛል። ውድ ሃርሞኒካ ልግዛ?»

አትግዛ ወንድሜ። ስድስተኛው ከወጣልህ አፍህ ዘዴውን ይዞታል። የቀረው የብረቱ ጉዳይ ነው። (ሙሉ ዜማውን በማይነር ብቻ የምትጫወት ከሆነ ደግሞ ምንም አትነካካ። የኢ ፍላት ሃርሞኒካ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ እና ኤ ፍላትን ያለ ምንም ትግል ይሰጥሃል።)

እያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት የናስ ምላስ አለው፤ አንዱ ለመንፋት፣ አንዱ ለመሳብ። አራተኛው ላይ ስትነፋ ሲ፣ ስትስብ ዲ ነው። ኦቨርብሎው ላይ የመንፊያው ምላስ ዝም ይልና እየነፋህ ሳለ የመሳቢያው ይጮሃል፤ ከዲ ግማሽ ቶን ከፍ ብሎ፣ ማለትም ኢ ፍላት። ፋብሪካ ግን ማንም በኃይል ቢነፋው እንዳይታፈን ብሎ ምላሶቹን ከተሰኩበት የብረት ሰሌዳ አርቆ ይልካቸዋል። አየሩ በዚያ ክፍተት ያመልጥና የመንፊያው ምላስ ዝም አልል ይላል።

ስለዚህ ክፍተቱን አጥብብ። ክዳኖቹንና ሰሌዳዎቹን በትንሽ ካቻቢቴ ፍታ፣ ምላሶቹ ወደ ላይ እንዲያዩ አስቀምጥ። አራተኛውን ምላስ ከሪቬቱ (ሰሌዳው ላይ ከያዘው ምስማር) አጠገብ በስቴኪኒ ቀስ ብለህ ወደ ታች ተጫንና ልቀቅ። ጫፉን አትጫን፣ ይጎብጥብሃል። መነሻው የጫፉ ክፍተት የምላሱን ውፍረት ያህል ሲሆን ነው፤ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ቀንስ። ሁለቱንም ምላሶች አስተካክል። ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ነክቶ «አልሠራም» ይላል። በየመሀሉ ገጥመህ ሞክር። ብሎኖቹን እኩል አጥብቅ፣ አየር የሚያሾልክ ሃርሞኒካ ላይ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። መደበኛው ሲ ወይም ዲ ጠንከር ስትል ከታፈነ ክፍተቱን ከመጠን በላይ አጥብበኸዋል፤ ትንሽ መልሰህ አንሳው። በመጨረሻ በቲዩነር (በቃና መለኪያ) እየው፣ ቃናው ጥቂት ሊንሸራተት ይችላል።

ምላሱ የሚርገበገብበትን የሰሌዳውን መስኮት ጠርዝ በሳንቲም እየፈተጉ ማጥበብም አለ። እውነት ነው፣ ይረዳል። እኔ ግን መጀመሪያ የሞከርኩበት ሰሌዳ እስካሁን የጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ አብዝቼ ፈትጌው ምላሱ ጠርዙን እየነካ እንደ ዝንብ ይነዝራል። አሁን አትግባበት።

ፉጨቱ ከቀጠለ፣ ከምላሱ ሥር፣ ሪቬቱ አጠገብ፣ በስቴኪኒ ጫፍ ነጥብ የምታህል የጥፍር ቀለም አስቀምጥ። ወደ መሀሉ እንዳትፈስ። አሳድረውና ጠዋት ሞክረው።