ሐዋሳ ላይ ሆኖ ስኪ ለሚመኝ ልጅ

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን ሐይቁ ዳር ጂምናስቲክ ከሚሠሩት ልጆች አንዱ አስቆመኝና ስልኩ ላይ ቪዲዮ አሳየኝ። አንዲት ልጅ በስኪ፣ ማለትም እግር ላይ በሚታሰሩ ረጃጅም ጠፍጣፋ መንሸራተቻዎች፣ በበረዶ ቁልቁለት ተንሸራትታ ትመጣለች፤ ከመዝለያው ትነሳለች፤ አየር ላይ ትገለበጣለች፤ ከዚያ በሁለት እግሯ ታርፋለች። «ጋሼ፣ መገልበጡን እኔም እችላለሁ። እዚህ ውድድር ውስጥ የሚገባው በየት በኩል ነው?» አለኝ።

ሌላ ሰው ይስቅበት ይሆናል። እኛ የምናውቀው በረዶ ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ጥያቄው የቆየ ቁስል ነካብኝ። ስለዚህ መልሱን ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለሁላችሁም ልጽፈው ወሰንኩ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ስፖርት በማስተማር ነው። እግር ኳሱንም ሩጫውንም አስተምሬያለሁ፤ ልቤ ግን ሁሌም ጂምናስቲክ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሰርከስ በየከተማው ሲስፋፋ፣ እዚህም ልጆች ከየሰፈሩ እየመጡ መገልበጥ ይማሩ ነበር። ፍራሽ የሚባል ነገር አልነበረንም። ጆንያ ውስጥ ገለባ ጠቅጥቀን እንሰፋ ነበር። ዝናብ ሲመታው ይከብዳል፤ ይሸታል። የጆንያውን አፍ የሚሰፉልን የአንዱ ልጅ አያት ነበሩ። ቡና ሳያጠጡን አይሸኙንም። ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንደ እሳቸው ስፖርት የሚወድ ሰው ብዙ አላየሁም።

ከእነዚያ ልጆች መካከል አንዲት ልጅ ነበረች። ዛሬ ልጆች ያሏት ሴት ስለሆነች ስሟን አልጠራም። ከእሷ ከፍ ብለው የሚዘሉ ወንዶች ነበሩ። እሷ ግን አየር ላይ የት እንዳለች ታውቃለች። ዓይኗን አትጨፍንም። መሬቱን ትፈልገዋለች፣ ታገኘዋለች፣ ጉልበቷን ሰበር አድርጋ ቀጥ ትላለች። እንዲህ ያለውን ችሎታ አሰልጣኝ አይፈጥረውም፤ ዕድለኛ ከሆነ ያገኘዋል እንጂ።

አንድ ጊዜ ለጉብኝት የመጣ የውጭ አሰልጣኝ አያት። ሲሄድ ዝም ብሎ አልሄደም፤ ለሥልጠና ወደ አገሩ እንድትመጣ ደብዳቤ ላከ። እኔ ከእሷ በላይ ደነገጥኩ። እናቷ አሞራ ገደል ዓሣ ይሸጡ ነበር። መጀመሪያ እምቢ አሉ፤ ሴት ልጅ ብቻዋን ባሕር ማዶ እንዴት ትሄዳለች ብለው። ብዙ ለመንናቸው። በመጨረሻ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈቃዱ ላይ አተሙ። ያን ቀን ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር።

ፓስፖርት ለማውጣት የልደት ማስረጃ ያስፈልጋል። ልጅቷ የተወለደችው ገጠር፣ ቤት ውስጥ ነው። ወረቀት የላትም። ጉዳዩን ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድን። «ነገ ተመለሱ» ተባልን። ነገ ስንመለስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ማኅተሙ ተቆልፎበታል። ከዚያ ደግሞ ምስክር አምጡ፤ ምስክሮቹን ስናመጣ የሚፈርመው ሰው መስክ ወጥቷል። ልጅቷ ጠዋት ወረፋ ትይዛለች፣ ከሰዓት ገለባው ላይ ትገለበጣለች። ወረፋው ላይ እንኳ በእግር ጣቷ ቆማ ቁርጭምጭሚቷን ስታጠነክር አያት ነበር። ወረቀቱ በመጨረሻ ወጣ። ግን የሥልጠናው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው።

ለጥቂት ጊዜ ልምምድ መምጣቷን ቀጠለች። ከዚያ ቀረች። ከዓመታት በኋላ ገበያ ውስጥ ተገናኘን። ስለ ልጆቿ ነገረችኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ። ስለዚያ ወረቀት ሁለታችንም አላነሳንም።

የሚያንገበግበኝ ያኔ ያላወቅኩትን ዛሬ ማወቄ ነው። በዝላይና በመገልበጥ የሚወዳደሩበት ስኪ ፍሪስታይል ስኪ ይባላል፤ ከዓይነቶቹ አንዱ ኤሪያልስ ነው። ከመዝለያ ተነስቶ አየር ላይ የመገልበጥ ውድድር ነው። ለሜዳሊያ የበቃው እ.ኤ.አ. በ1994 ኖርዌይ ውስጥ በሊልሃመር የክረምት ኦሎምፒክ ነው፤ እኛ ጆንያ በምንሰፋበት ዘመን ማለት ነው። አውስትራሊያ ለዚህ ስፖርት ስኪ የሚችሉ ልጆችን ብቻ አልፈለገችም። የጂምናስቲክ ልጆችንም ወስዳ ስኪ አስተማረቻቸው። አሊሳ ካምፕሊን ጂምናስት ነበረች። ስኪ የጀመረችው በ19 ዓመቷ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ ወርቅ ወሰደች። ሊዲያ ላሲላም ከጂምናስቲክ የመጣች ናት። ቱሪን 2006 ላይ ስታርፍ ጉልበቷ ተጎዳ፤ ከ4 ዓመት በኋላ ቫንኩቨር ላይ ወርቅ አገኘች።

ዳኞቹ ነጥብ የሚሰጡበትን መንገድ ሳነብ ደግሞ ያቺን ልጅ አስታወስኩ። ለአነሳሱና ለከፍታው 20 በመቶ፣ አየር ላይ ላለው ቅርጽ 50 በመቶ፣ ለማረፉ 30 በመቶ። ድምሩ ዝላዩ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ በሚያሳይ ቁጥር ይባዛል። ቅርጽና ማረፍ የእሷ ሀብት ነበር። አዲስ ዝላይም መጀመሪያ የሚሞከረው በረዶ ላይ አይደለም። በፕላስቲክ ከተሸፈነ መንሸራተቻ ላይ ተነስተው ገንዳ ውስጥ ይወድቃሉ፤ ውሃው እንዲለሰልስ ከሥር አየር ይነፋበታል።

ያ ልጅ ያሳየኝ ቪዲዮ ላይ ያለችው የፍሪስታይል ስኪ ተወዳዳሪዋ አይሊን ጉ ናት። ቤጂንግ 2022 ላይ በ18 ዓመቷ 2 ወርቅና 1 ብር ወስዳለች። የእሷ መንገድ ሌላ ነው። ሕፃን ሆና ነው የጀመረችው፤ እናቷ ከሳን ፍራንሲስኮ ታሆ ተራሮች ድረስ እየነዱ ያመላልሷት ነበር። እዚህ ላለ ልጅ ያ መንገድ ዝግ ነው ብዬ አምናለሁ። በጂምናስቲክ በኩል ያለው ግን ጠባብም ቢሆን መንገድ ነው። ከእኛም ሮቤል ተክለማርያም አለ። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ አደገ፤ ቱሪን 2006 ላይ በአገር አቋራጭ ስኪ 83ኛ ወጣ። በክረምት ኦሎምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። እሱም እንዲወዳደር መጀመሪያ የስኪ ፌዴሬሽን መቋቋም ነበረበት። ወረቀት እዚያም አለ።

አሁን ስለ እናንተ ልናገር። መገልበጥ ሳትጨርሱ መቅረጽ ትጀምራላችሁ። አንዱ ከግንብ ላይ ይዘላል፣ ሦስቱ ስልክ ይደግናሉ፤ ሲያርፍ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ አንዳችሁም አታዩትም። ይሄ ያናድደኛል። ግን ያው ስልክ ነው ያን ልጅ ወደ እኔ ያመጣው። ለእኛ ያኔ አንድ ቪዲዮ ቢደርሰን ኖሮ ስንት ነገር እናውቅ ነበር! ስለዚህ ቅረጹ። ከቀረጻችሁ በኋላ ግን ማረፉን ደጋግማችሁ እዩት።

ወላጆቻችሁን ስሙ እላለሁ። ሆኖም አይሊን ጉ ቤጂንግ ላይ ከመጨረሻው ዝላይ በፊት ለእናቷ ስትደውል፣ እናቷ ቀለል ያለውን እንድትሠራ መከሯት። እሷ በውድድር ሠርታው የማታውቀውን፣ አየር ላይ 4 ዙር ተኩል የሚዞሩበትን ዝላይ መረጠች፤ ወርቁን ያገኘችው በዚያ ነው። ይህን እንዴት እንደማስታርቀው እንጃ። የዓሣ ነጋዴዋን እናት ባንለምናቸው ኖሮ ጣታቸውን አያትሙም ነበር። ስሟቸው፤ ግን ለምኗቸውም።

አንተ ልጅ፣ በየት በኩል ይገባል ብለህ ጠይቀኸኛል። ጠዋት ጠዋት ማረፍን ተለማመድ፤ ዝላዩን ለጊዜው ተወው። እንግሊዝኛህን አሻሽል፣ የአውስትራሊያ አሰልጣኞችን ቃለ ምልልስ አዳምጥ። የልደት ካርድ ከሌለህ ግን ከሁሉ በፊት ሰኞ ጠዋት ቀበሌ ሂድ። ደብዳቤ እስኪመጣልህ አትጠብቅ። ወረፋው ከረዘመ ደውልልኝ፤ መጥቼ አብሬህ እቆማለሁ።